«ውድድር አይደለም» የተባለው የአረጋውያን የእግር ጉዞ

ትናንት ጠዋት እዚህ አሰላ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባድር ያመኛል... አሁንም እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ስለ አባቴ ልንገራችሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከግቢ አይወጡም። ጠዋት ወንበራቸውን ፀሐይ ላይ ያወጣሉ፣ ፀሐይዋ ስትዞር ወንበሩን ያዞራሉ... በቃ። ግፊት አለባቸው፣ እግራቸውም ማበጥ ጀምሯል። ሐኪሙ «መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፣ ካልተራመዱ እግራቸው ይተሳሰራል» ብሎ አስፈራርቶናል። እኔም በየቀኑ «አባዬ፣ እስቲ ወጣ ብለው ይራመዱ» እላለሁ። መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው።

«ወዴት?»

ገበያም ቤተ ክርስቲያንም ከእናቴ ጋር ነበር የሚሄዱት።

እና ከተማ አስተዳደሩ ለአረጋውያን የእግር ጉዞ አዘጋጅቷል፣ ሲያልቅም ነፃ የግፊትና የስኳር ምርመራ አለ እያሉ በመኪና ሲለፍፉ ሰማሁ። ለአባዬ ምርመራውን ብቻ ነገርኳቸው... ጉዞዋን ዋጥ አደረግኳት።

ስታዲየሙ በር ስንደርስ የከተማው ሽማግሌና አሮጊት ጋቢውን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ ተሰልፏል። አባዬ ወዲያው ገባቸው። «ቤቴ መልሺኝ» አሉ። እጃቸውን ይዤ ልንዞር ስንል ከኋላችን አንድ ድምፅ...

«አለህ እንዴ ታደሰ? እኔ እኮ ለቀብርህ ሳልጠራ ቀረሁ ብዬ ተቀይሜህ ነበር።»

ኦቦ ቱሉ ናቸው። የበቆጂ ሰው፣ ከአባዬ ጋር ድሮ እህል ይነግዱ የነበሩ።

«አለሁ። እግሬን ስላመመኝ ልመለስ ነው» አሉ አባዬ።

«ተመለስ፣ ተመለስ። የአሰላ ሰው እስከ በሩ ድረስ ነው። መንገዱን ለእኛ ለበቆጂዎች ተውልን።»

አባዬ ኦቦ ቱሉን አዩ። እኔን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣችው ልጅ ማይክ ይዛ «አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እስከ አደባባዩ ሄደን መመለስ ነው። ውድድር አይደለም» አለች። በኦሮምኛም ደገመችው። ሁሉም በሁለቱም ቋንቋ ራሱን ነቀነቀ።

አርሲ ውስጥ ሰው አሰልፎ «ውድድር አይደለም»... ልጅቷ ከየት እንደመጣች እንጃ።

መጀመሪያ ላይ በጨዋ ደንብ ነበር የሄዱት። ከዚያ ኦቦ ቱሉ አንድ እርምጃ ቀደም አሉ። አባዬ ሁለት ቀደሙ። ከኋላ ያሉት እናቶች «እነዚህ ጥለውን ሊሄዱ ነው እንዴ?» ብለው ነጠላቸውን አደገደጉ። ከዚያ በኋላማ ማን ይያዘው... ልጅቷ በማይኩ «ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ በሉ» እያለች ከጎናቸው ስትሮጥ ትንፋሽ አጠራት። አባዬ አደባባዩ ጋ ሲዞሩ ከዘራቸውንም ወርውረውልኝ ሄዱ።

ስንመለስ ነርሷ የመጀመሪያውን ሰው ለካች፣ ደነገጠች። ሁለተኛውን ለካች፣ መለኪያውን አገላብጣ አየች። ከዚያ ላባቸውን አየች።

«እናንተ... ሮጣችሁ ነው እንዴ የመጣችሁት?»

ሁሉም መሬት መሬት አዩ። «እኛ አልሮጥንም፣ ታደሰ ነው ያባረረን» አሉ ኦቦ ቱሉ።

ትንፋሻችሁ እስኪረጋ ማንንም አልለካም ብላ ጥላ ሥር አስቀመጠቻቸው። እዚያ ነው ክርክሩ። ኦቦ ቱሉ እኔ ቀደምኩ ይላሉ፣ አባዬ እኔ ይላሉ።

«ልጅህ ትፍረድ» አሉ ኦቦ ቱሉ።

«እኔ እኮ አላየሁም... ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር» አልኩ።

ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ አባዬ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ። እናቴን ከቀበርን ወዲህ ሳቃቸውን ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ በእኔ ይሳቁ፣ ምን ቸገረኝ። ግፊታቸውም አርፈው ሲለካ ከወትሮው የከፋ አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ይዤ ስወጣ ወንበሩ ላይ የሉም። ዞር ብዬ ሳይ በሩ ጋ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ያስራሉ።

«አባዬ፣ ወዴት?» አልኩ... ጥያቄው የእሳቸው መሆኑ ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

«ወዴት ትያለሽ እንዴ? ነገሩ ይለይ ተባብለናል። ቱሉ ቀድሞኝ ደርሶ ሲስቅብኝ ይዋል?»

እናንተዬ፣ የዛሬዋ ፀሐይ ባዶ ወንበር ስታሞቅ ነው ያረፈደችው።