ስልኩማ ጥሩ ነው

ይህን ለባሌም ለጸሎት ቤት እህቶቼም ተናግሬ አላውቅም። ለእናንተ መናገር የቀለለኝ ፊታችሁን ስለማላይ ይሆናል።

አዳማ ውስጥ፣ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት፣ ስልክ እሸጣለሁ። ኦቦ ገመዳ ከገጠር፣ ከቡልቡላ ሲመጡ ስሙን ማንም የማያውቀው ተራ የቻይና ስልክ ይዘው ነበር። «አባቴ፣ ይሄንንማ ይጣሉት» ብዬ ሳቅኩባቸው። ሰው ሁሉ ስሙን ሲሰማ የሚቋምጥለትን ስልክ ሰጥቼ አሮጌውን በለውጥ ተቀበልኩ። ያን ጊዜ ለእኔም ስም ያለው ሁሉ ጥሩ ነበር።

በወሩ ተመለሱ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ያለቻቸው ልጃቸው ጫልቱ ብቻ ናት። ዱከም ፋብሪካ ትሠራለች፤ በምሳ እረፍቷ ስትደውልላቸው ግን አዲሱ ስልክ አይጠራም። ሲሙን አውጥቼ አሮጌው ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያው ምድር ቤት ኔትወርኩ ሙሉ ሆነ። ወደ አዲሱ መለስኩት፤ ባዶ። አየሁ። እኔ በዓይኔ አየሁ። እሳቸው ስልኩን ትተው የሚያዩት የእኔን ፊት ነበር። እና ምን አልኳቸው? «ችግሩ የእናንተ አገር ኔትወርክ ነው፤ ከፍታ ላይ ይውጡ።» ምን አስፈራኝ? ተሳስቻለሁ ማለት ነዋ፣ ሌላ ምን!

ባለፈው ዓመት ቡልቡላ ሰርግ ተጠራሁ። አሮጌውን ስልክ ልመልስላቸው በቦርሳዬ ይዤ ሄድኩ። ቀትር ላይ ከሰፈሩ ጀርባ ካለው ጉብታ አናት አገኘኋቸው። በዚያ ፀሐይ፣ በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ወጥተው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ቆመዋል። በየቀኑ ይወጣሉ። ከታች ከጎረቤት ጓዳ የአንዱ ተራ ስልክ ሲጮህ ይሰማል፤ ዞረውም አላዩ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለአንድ ስም እንዲህ ያለ እምነት! በጸሎት ቤታችንም አላየሁም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ፣ «ስልኩማ ጥሩ ነው። ሰነፉ የእኛ አገር ነው። አንቺ ባትነግሪኝ የልጄን ድምፅ በየት እሰማ ነበር? ተባረኪ።»

አሜን አልኩ። ቦርሳዬን አልከፈትኩም።

ይቅርታ ልጠይቅ? ማንን? እሳቸው የሚወቅሱት አገራቸውን ነው። ሳላውቅ የሸጥኩት ይቅር ይባልልኝ ይሆናል፤ ያየሁትን እንዳላየሁ የሆንኩትን ግን አውቄ ነው ያደረግኩት። እኔ ነኝ። አሮጌው ስልክ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቀትር በደረሰ ቁጥር ኦቦ ገመዳ ጉብታውን እየወጡ እንደሆነ አውቃለሁ።