የጋራዥ አውቶቡስ

ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም፤ ጋሽ አስተያየት ነው የሚባለው። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ሲያሰማራ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው አስተያየት መስጠት ሆኗል። የአስተያየት መስጫ ሳጥን ካየ እጁን ይበላዋል። ለውሃ ክፍሉ ጽፏል፣ ለመብራት ክፍሉ ጽፏል፤ አንዴማ «የአስተያየት ሳጥናችሁ ቁልፉ ዝጎ አይከፈትም» ብሎ ጽፎ እዚያው ሳጥን ውስጥ ከቶታል።

ንዴቱ ያለ ምክንያት እንዳይመስላችሁ። ደጃፉ ያለው መንገድ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ተቆፍሯል። መጀመሪያ ለውሃ፣ ቀጥሎ ለስልክ፣ ከዚያ ለመብራት፤ አራተኛው «የረሳናት ትንሽ ነገር አለች» ተብሎ ነው። «ሦስቱ አለቆች አንድ ቀን አብረው ሻይ ቢጠጡ ኖሮ እኛ ይሄን ሁሉ አቧራ አንጠጣም ነበር» ይላል። ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሲናገር «አስተያየትዎ ተመዝግቧል» ይሉታል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ! ስለ ስልክም የራሱ ነገር አለው። «ድሮ መንገድ ሲጠፋህ ሰው ትጠይቃለህ። ዛሬ ስልክ ትጠይቃለህ፤ ስልኩ ደግሞ መልሶ አንተን የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል።»

ባለቤቱ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለቱንም ዓይኗን ሞራ ጋርዶባት መርፌና ክር ማገናኘት ካቃታት ሁለት ዓመት አለፋት። ጠርዝና ቁልፍ ግን አሁንም በእጇ እየዳበሰች ትሰፋለች። እሱ በየጠዋቱ አሥር መርፌ ላይ ክር አስገብቶ መጋረጃው ላይ ይሰካላታል፤ ነጩን በግራ፣ ጥቁሩን በቀኝ። ትንፍሽ ሳይል የሚሠራው ብቸኛ ሥራ ይሄ ነው።

ስምንት ወር የተጠበቀው የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ደረሰ። ወረቀቱ «ሁለት ሰዓት ላይ ያልተገኘ ተራው ይታለፋል» ይላል። ጋሽ አስተያየት በዋዜማው እንደ ድሮው የስምሪት ሠንጠረዥ አወጣ። ለአንድ ሩብ ጉዳይ ፌርማታ፣ አንድ ሰዓት አውቶቡስ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ሆስፒታል።

«እሜቴ፣ መንገዱን ለእኔ ተይው» አላት።

«ለአንተ ካልተውኩት ለማን ልተወው?» አለች እየሳቀች።

ፌርማታው ላይ አውቶቡስ መቼ እንደሚመጣ የሚናገር አዲስ ስክሪን ቆሟል። በተመረቀ በሳምንቱ ጨልሞ ቀርቷል። «ሪባኑን ሲቆርጡ የመብራቱንም ገመድ አብረው ቆርጠውት ነው» አለ ጋሽ አስተያየት፣ ዙሪያው የቆመው ሰው እስኪስቅለት እየጠበቀ። ሁለት ሽማግሌዎች ሳቁለት።

ልክ አንድ ሰዓት ላይ አውቶቡስ መጣ። ግንባሩ ላይ ያለው ሰሌዳ ግን ባዶ ነው፤ ቁጥር የለ፣ የሚሄድበት የለ። ሰዉ ወደ በሩ ሲጋፋ ጋሽ አስተያየት እጁን ዘርግቶ ባለቤቱን አገዳት።

«ቆይ! ይሄ የጋራዥ ነው።»

በእሱ ዘመን ሰሌዳው ባዶ የሆነ አውቶቡስ ወደ ጋራዥ ነው የሚገባው፤ ሰው አይጭንም። ስንቱን ተሳፋሪ በገዛ ጩኸቱ ከእንዲህ ያለ አውቶቡስ አስወርዷል! የባንክ ዩኒፎርም የለበሰች ሴት አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ዞር አለች።

«አባቴ፣ ይግቡ እንጂ። ሰሌዳው ተበላሽቶ ነው፤ ይኸው ስልኬ በሆስፒታል በኩል ያልፋል ይላል።»

«የኔ ልጅ፣ ያንቺ ስልክ ሳይሠራ እኔ አውቶቡስ አሰማራ ነበር!»

ባለቤቱ እጅጌውን ጎተተችው። «ሰው እየገባ ነው እኮ። እስቲ ሹፌሩን ጠይቀው።»

«ሰሌዳ እያለ ሹፌር ይጠየቃል እንዴ? ተያቸው፤ ጋራዥ ደርሰው በእግራቸው ይመለሳሉ።»

ሁለቱ ሽማግሌዎችም እሱን ሰምተው ከበሩ ተመለሱ። በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ መስቀለኛው ጋ ደረሰና ወደ ግራ፣ ወደ ጋራዡ አልታጠፈም። ወደ ቀኝ ታጠፈ። በቀኝ በኩል ሆስፒታሉ ነው ያለው። 

«ታጠፈ?» አለችው ባለቤቱ።

«ታጠፈ።»

«ወዴት?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ምነው ሸዋ! ሰው አምነን!» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ታክሲው ሁሉ ሞልቶ ያልፋል። ቀጣዩ አውቶቡስ ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ ያውም የሆስፒታሉም መንገድ ተቆፍሮ ኖሮ ግማሽ መንገድ ላይ አወረዳቸው። ክንዱን ይዛ፣ በድንጋዩና በጭቃው መሀል እየተደናቀፈች በእግሯ ሄደች። ሲደርሱ ሁለት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኗል።

«የዛሬዎቹ ገብተዋል» አለች መዝጋቢዋ።

«ሃያ አምስት ደቂቃ እኮ ናት የኔ እህት! አውቶቡሱ ሰሌዳ ሳይኖረው...»

«የሚቀጥለው ቀጠሮ ከስድስት ወር በኋላ ነው። ቅሬታ ካለዎት ሳጥኑ እዚያ ጋ አለ።»

ሳጥኑን አየው። እጁን አልበላውም።

ቤት እንደደረሱ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። የአውቶቡስ ድርጅቱን፣ ከንቲባውን፣ ስክሪኑን፣ ስልኩን፣ ቆፋሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይወርድባቸው ጀመር። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሊቀደው ደረሰ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» አለች ባለቤቱ።

ቀና አለ።

«ስማኝ። የታመመው ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። የሰዉን እግር ሰምቻለሁ፤ ያቺ ልጅ ይግቡ ስትልህም ሰምቻለሁ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ ገብቼ ነበር። አንተን አምኜ ነው የቀረሁት።»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያፈረበት ቀን የለም። የጻፈውን ጨምድዶ ጣለና ሌላ ወረቀት አወጣ። ይሄኛው ቶሎ አለቀ።

«ምን ጻፍክ? አንብብልኝ።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «ጉዳዩ፦ ቅሬታ ስለማቅረብ። አንድ ጡረተኛ የስምሪት ሠራተኛ ሲነግሩት ባለመስማቱ፣ አፍ እያለው ሹፌሩን ባለመጠየቁ፣ የባለቤቱን ጨለማ በስድስት ወር አራዝሞባታል። አስፈላጊው እርምጃ እንዲወሰድበት እጠይቃለሁ።»

«አድራሻውን ጽፈሃል?»

«አልጻፍኩም።»

«ጻፍ እንጂ! ኋላ እንዳይጠፋባቸው» አለችና የጀመረችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ እጇን ወደ መጋረጃው ሰደደች። በግራ ዳበሰች፤ በቀኝ ዳበሰች። ከዛሬ ወዲያ አያስፈልግም ብሎ፣ ጠዋት አንድም መርፌ አልሰካላትም ነበር።