ዱልዱም ፍላጻ ለስንብት ቆቅ

ጠዋት፣ ከአል-ዓሪዳ፣ ሳዑዲ

ዛሬ ጂዛን የምወርደው ፍላጻ ልገዛ ነው። ሰዒድ በዚህ ሳምንት ጠቅልሎ አገሩ ይገባል። ሁለታችንም የወሎ ልጆች ነን፤ እሱ ፍየል ይጠብቃል፣ እኔ ፒክአፕ እነዳለሁ። እሱ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን በመሆናችን ለዓመታት ከአንድ ሳህን ዓሣና ፉል ብንበላም፣ ሥጋ ግን አብረን ቀምሰን አናውቅም። «ሳልሄድ አንዴ እንኳ አብረን እንብላ» አለኝ። የሚለያየን የአራጁ ቢላዋ ነው፤ ቆቅ በፍላጻ ብንገድልስ? ፍላጻ ሃይማኖት የለውም ብለን ተስማማን። የአደን ፈቃድ ያለው አሠሪያችን ቀስቱን አዋሰን፤ ፍላጻውን ግን ራሳችሁ ግዙ አለ።

ጂዛን

አቡ ዓሪሽን አልፌ ከተማ ስገባ ሙቀቱ ሸሚዜን ከጀርባዬ አጣበቀው። የመናዊው ባለሱቅ የእንጨት፣ የአሉሚኒየምና የካርቦን ፍላጻ ዘረገፈልኝ።

«ቀስቱ ጉልበቱ ስንት ነው?»

«ሲስቡት ያስቃስታል» አልኩት። ሳቀና ጠንከር ያለ ካርቦን መረጠልኝ። ቀጥሎ ጫፍ ምረጥ አለኝ። ሹሉ ወፏን በስቶ ድንጋይ ውስጥ ይጠፋል፤ ባለ ጎማው ዱልዱም መትቶ ይጥላል እንጂ አይበሳም። ግራ ገባኝና ለሰዒድ ደወልኩ።

«ሹሉን ቢስሚላህ ብዬ ከወረወርኩት የኔ ሥጋ ሆነ፤ አንተ አትበላውም። ዱልዱሙ መትቶ ከገደላት ደግሞ ደሟ ስላልፈሰሰ ለኔ ሐራም ናት።»

«ታዲያ የቱን ልግዛ?»

«ወላሂ እኔም ተምታታብኝ!»

ባለሱቁ «ያላ ያ አኺ፣ ሰላት ደረሰ» እያለ መዝጊያውን ሲያወርድ፣ ቢያንስ አይጠፋም ብዬ ዱልዱሙን ገዛሁ።

ስመለስ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አየና የፍላጻውን ጎማ በአውራ ጣቱ ተጫነው። «ይሄ ይገድላል?» አለኝ። እኔም አላውቅም አልኩት። እየሳቀ አሳለፈኝ።

ከሰዓት፣ ተራራው ላይ

የሰዒድ የመጀመሪያዎቹ ፍላጻዎች ድንጋይ መቱ። በኋላ አንዲት ቆቅ ተመትታ ወደቀች። ሮጠን ደረስን፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ሰዒድ ቢላዋ መዘዘ። ያርዳታል ስል እጀታውን ወደኔ አዞረው።

«እረድ። ካንተ እጅ እበላለሁ።»

መንገድ ላይ ያሰብኩት ይህንኑ ነበር፤ ያንተን እበላለሁ ልለው። «ኧረ በሞቴ፣ አንተ እረድ! እኔ እበላለሁ።»

«እኔ ሂያጅ ነኝ፣ እንቢ አትበለኝ!»

«ሂያጅ ስለሆንክማ ነው!»

ቢላዋው ከሱ ወደኔ፣ ከኔ ወደሱ ሲመላለስ ቆቋ ተነሳች። ራሷን አራገፈችና ሽቅብ በርራ ከሸንተረሩ ማዶ ወደ የመን ተሻገረች።

«ኸላስ፣ በቃ» አለ ሰዒድ። መሬት ላይ እስክንቀመጥ ሳቅን።

ማምሻውን፣ ቤት

የፋራሳን ደሴት ዓሣ ጠበስን። ሰዒድ እንደ ልማዱ እሾሁን እየለቀመ ደህና ደህናውን ወደኔ ገፋው። የትኛው ጫፍ እንደሚሻል አሁንም አላውቅም። ሰዒድ ከኔ ቢላዋ ሊበላ ፈቃደኛ እንደነበር ግን አወቅሁ፤ ሊሄድ ሲል ማወቄ አንገበገበኝ።