ኮባው ሁለቴ ሲቀነስ

ዘይባ ፈርሚ የተባለችው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ፕሮግራሙ ስለማይሠራ ከአገልግሎት ይውጣ።»

ቡታጅራ ውስጥ ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚኬደው ወደ ዘይባ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያየችው በወልቂጤ ስታልፍ፣ በመኪና መስኮት ነው። የምታውቀውን ያወቀችው አሮጌ ማሽን እየፈታታች፣ ያልገባትን ገጽ አምስቴ እያነበበች ነው። የአካባቢው ጤና ጣቢያዎች የኔትወርክ መስመር ሲቋረጥ የሚያውቅ አልነበረምና ወደ ወልቂጤና ወደ ቆሼ የሙከራ ፓኬት፣ ትንሽ የመረጃ ጥቅል፣ እየላከ፣ የተመለሰው ሙሉ መሆኑን የሚመረምር ፕሮግራም ጻፈች። ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ላይ ሁለት ዓመት ሠራ። አመስጋኝ አልነበረም፤ ከሳሽ ግን አልጠፋም።

ከአዲስ አበባ የመጣው ባለዲግሪ ባለሙያ ነብዩ ፕሮግራሙን ወደ ራሱ ማክ ኮምፒውተር ወሰደው። የባይቶቹን አቀማመጥ ለማኩ እንዲስማማ አስተካከለ፤ ሌላውን አልነካም። ማሽኑም መልሱን ሁሉ «ሃያ ባይት ጎድሏል» አለ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ የልጆች ጨዋታ አይደለም» አላት።

የጤና ቢሮው ኃላፊ አቶ ብሩክ እስክሪብቶውን ገፋ አደረጉላት። «ፈርሚና እንገላገል፣ ዘይባ። ባለሙያ ነው ያለው።»

ባለሙያ! ዲግሪ የሌለው ቢሳሳት አላዋቂ ይባላል፤ ባለዲግሪ ሲሳሳት ደግሞ ዲግሪ የሌለው ይፈርምለታል።

«ወላሂ አልፈርምም። መጀመሪያ ይቆጠር!»

ማኩን ወደ ራሷ አዞረችና ሁለት ቁጥር አስወጣች፦ በእጅ የገባው ባይት ስንት እንደሆነና በፓኬቱ ራስጌ፣ እነነብዩ ሄደር በሚሉት ላይ፣ ስንት ተብሎ እንደተጻፈ።

«የገባው ሰማንያ አራት። ራስጌው የሚለው ስልሳ አራት። ሃያዋን ማን በላት?»

«መስመሩ ነዋ።»

«መስመሩ ከበላት ሰማንያ አራቱ ከየት መጣ? ከኪስህ ጨመርክበት?»

አቶ ብሩክ ሳቃቸውን በሳል አፈኑት።

«እናቴ ሀሊሜ ቆጮ ትነግዳለች» አለች ዘይባ። «አገና ገበያ ያለው ባለሚዛን የሚነግራት ከነኮባው ነው፤ መጠቅለያውን ኮባ ራሷ ትቀንሳለች። እዚህ ያለው ግን ቀንሶ ነው የሚነግራት። አንድ ቀን ረስታ ደግማ ቀነሰችና ሰውየውን ሌባ አለችው። ሊኑክስ እንደ አገና ነው፤ ፓኬቱን በራው ሶኬት፣ ጥሬውን እንዳለ፣ ሲያቀብለኝ ርዝመቱን ከነራስጌው ይተውልኛል። ያንተ ማክ የራስጌውን ሃያ ባይት ከርዝመቱ ላይ ቀንሶ ያቀብላል። ፕሮግራሜ ደግሞ ያንኑ እንደገና ይቀንሳል። ፓኬቱ አልጎደለም፤ ኮባው ነው ሁለቴ የተቀነሰው!»

ነብዩ ነፍስ ዘራ። «ያው ጥፋቱ የፕሮግራምሽ ነዋ!»

«አዎ። ሁሉም እንደ አገና ይመዝናል ብዬ አምኜ ነበር። ይሄን እፈርማለሁ። አንተስ? ሳትቆጥር ሙሉውን ጎደሎ ብለሃል።»

አንዲት መስመር ለወጠች፤ ፕሮግራሙ ራስጌው የሚለውን ትቶ በእጅ የገባውን እንዲቆጥር። እዚያው ማክ ላይ አስኬደችው። ወልቂጤ ሙሉ። ቆሼ ሙሉ።

ከዚያ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰርዛ ከሥሩ ጻፈች፦ «ፕሮግራሙ ታርሞ ይሠራል። የጎደለ ፓኬት የለም።» ፈረመችና እስክሪብቶውን ለነብዩ ዘረጋችለት።

ነብዩ ወደ አቶ ብሩክ አየ። አቶ ብሩክ ከስክሪኑ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ፈርምና እንገላገል» አሉት።