ከአክታው የጠፋው መድኃኒት

ሾፌሩን በልጅነቱ የሳንባ ምች ደቁሶት ነበር። ሕመሙ ቢለቀውም የአየር ቧንቧዎቹን አስፍቶና አላልቶ ስለተወው፣ ሃምሳ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳ ጠዋት ጠዋት ግማሽ ኩባያ አክታ ሳይተፋ ከቤት አይወጣም። የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ባልደረቦቹ በሳሉ የተነሣ «ጥሩምባው» ይሉታል፤ አብሯቸው ይስቃል፣ ሆዱ ግን ይቆስላል።

አንድ ጊዜ ሳሉ ሲብስበት የምትከታተለው ሐኪም አንድ ነገር ጠየቀችው። የሚዋጥ ፀረ ተሕዋስ መድኃኒት በደም ዞሮ እንዲህ ወፍራም አክታ የሞላው ቧንቧ ውስጥ ምን ያህል እንደሚደርስ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ እየለካች ነበር።

«ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ይውጣሉ፤ በመጨረሻው ቀን አክታዎን በዚህ ዕቃ ያመጡልኛል» አለችው። ሳያንገራግር እሺ አለ።

በሦስተኛው ቀን ተቅማጥ አጣደፈው። አውቶቡሱ እስከ በሩ ጢም ብሎ ሳለ፣ መሪውን ጥሎ መንገድ ዳር ወዳለው ነዳጅ ማደያ ሮጠ። ሲመለስ አንዷ ተሳፋሪ «ምነው ጋሼ፣ ረስተውን ሄዱ እንዴ?» አለች፤ አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ወዲያ ክኒኑን አልቀመሰውም። የቀረውን ከአውቶቡሱ መፍቻዎች ሥር ቀበረው። ሚስቱ ስትጠይቀው «ውጫለሁ» ይላል፤ ሐኪሟ ስትደውል «አንድም አልዘለልኩም» ይላል።

አክታውን ባስረከበ በሳምንቱ ሐኪሟ አስጠራችው። ከሚስቱ ጋር ገቡ።

«ከሌሎቹ አክታ ውስጥ ትንሽም ቢሆን መድኃኒት ተገኝቷል። ከእርስዎ ግን ምንም! ቧንቧዎ ጨርሶ አያስገባም ማለት ነው። አስተኝተን በደም ሥር እንስጥዎት፤ ዛሬ አንድ አልጋ አለን።»

ሚስቱ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «እኔው በየቀኑ እየጠየቅሁት፣ ያን ሁሉ መድኃኒት ውጦ!»

ሾፌሩ በተከፈተው በር ወደ ኮሪደሩ አየ። አንዲት አሮጊት የኦክስጅን ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አልጋ ይጠብቃሉ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ዶክተር፣ አልዋጥኩትም።»

«ምኑን?»

«ክኒኑን። ከሦስት ቀን በኋላ ተውኩት። ሆዴን አስቸገረኝ፤ ሰውም ሳቀብኝ።»

ሚስቱ እጇን ከክንዱ ላይ አነሣች። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«እኔኮ አያስገባም ብዬ ልጽፍ ነበር። ያንን ያነበበ ሐኪም ለሌላው ሕመምተኛ መድኃኒቱን ቢከለክለውስ? ሆዴን አመመኝ ቢሉኝ በሌላ እቀይርልዎት ነበር።»

«አፈርኩ» አለ።

የእሱን ውጤት ከመዝገቧ ሰረዘችው። ሌላ መድኃኒት ጻፈችለትና አክታው መንገድ እንዳይዘጋበት በየጠዋቱ በጎኑ ተኝቶ እንዴት እንደሚያወጣው አሳየችው። ሲወጣ አንዲት ነርስ አሮጊቷን ደግፋ ወደ አልጋው ትወስዳቸው ነበር። ሳሉን ሰምተው «ይማርህ ልጄ» አሉት። አንገቱን ደፍቶ አለፈ።

ዐሥራ አራት ቀን ፈቃድ ወስዶ ቤቱ ተቀምጦ ዋጠ። አረንጓዴው አክታ ነጣ፤ ደረጃ ሲወጣም ማለክለኩ ቀነሰለት። አክታው ዳግመኛ ሲመረመር መድኃኒቱ ተገኘበት። ሐኪሟ «ይኸው ገብቷል!» ብላ ፈገግ ስትል፣ እሱ የጫማውን ክር ያይ ነበር።

ሚስቱ ዛሬም ክኒን ሲውጥ ፊቱ ትቆማለች። እሱም ውሃውን ከጨለጠ በኋላ፣ ሳትጠይቀው፣ እንደ ልጅ አፉን ከፍቶ ያሳያታል።