የይጁቤ ጽዋ በኖርዌይ

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሥልሳ አንድ ዓመታቸው ነው። ይጁቤ ውስጥ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች ሱቃቸው ጌሾ ሲሸጡ ኖረዋል። የማርያም ማኅበርተኛ ከሆኑ ሃያ አራት ዓመት ሞላቸው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ተራቸውን አሳልፈው አያውቁም። ይህንንም ላልጠየቃቸው ሰው ጭምር ይናገራሉ።

ማኅበሩ አሥራ ሁለት አባላት ነበሩት። በየወሩ በሃያ አንድ ቀን ከአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ዳቦ ተቆርሶ፣ ጠላ ተጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ባለተራ ክዳን ያለውን የሸክላ ጽዋ ቆሞ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋውን የወሰደ ሰው የሚቀጥለውን ወር ይደግሳል። ከዚህ የከበደ ደንብ የላቸውም።

አምና፣ ጥቅምት ሃያ አንድ ቀን፣ ጽዋውን ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ተረከቡ። በሳምንቱ ኖርዌይ የምትኖረው ልጃቸው ሂዊ ደወለች። ቪዛው ወጥቷል፤ እሷም ልትወልድ ጥቂት ሳምንት ቀርቷታል። ተራውን ለሚቀጥለው ሰው መልቀቅ ይቻል ነበር። የሚቀጥለው ሰው ግን ወይዘሮ አለሚቱ ነበሩ፤ ወይዘሮ አለሚቱም ጌሾ ነጋዴ ናቸው። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጽዋውን በነጠላ ጠቀለሉ፣ ጌሾና ብቅል፣ አንድ እስር ወይራም ጨመሩና ለማንም ሳይናገሩ ሄዱ።

የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አቶ ገዳሙ ነገሩን የሰሙት በስልክ ነው።

«ማንጠግቦሽ፣ ጽዋው የት ነው?»

«ከኔ ዘንድ ነው፣ አያ ገዳሙ።»

«አንቺሳ?»

«ኖርዌይ።»

አቶ ገዳሙ ወዲያው ፈረዱ። «ማኅበሩ ጽዋው ካለበት ነው። ኅዳርንም ታኅሣሥንም እዚያው ደግሺ። በጥር ለአስተርዮ ግን ጽዋው አለሚቱ እጅ ካልገባ ከማኅበሩ እሰርዝሻለሁ።»

ልጃቸው ያለችበት ከተማ ሰሜን ጫፍ ላይ ስለሆነ በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ አይወጣም። የነቢያት ጾም ሲገባ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በይጁቤ ሰዓት ይጾሙ ጀመር። ሂዊ የአገሩን ሰዓት ብታሳያቸው «ፀሐይ የላቸው፤ በምን ያውቁታል?» አሉ። የይጁቤ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ሰባት ሰዓት ነው። ይህን አላነሡትም።

ለጠላው የገዙትን እንስራ መሰል ማሰሮ በወይራ ሲያጥኑ የጭስ ደወል ጮኸ። ከፎቅ ኦድቫር የሚባሉ የሰባ አራት ዓመት ጡረተኛ ዓሣ አጥማጅ እሳት ማጥፊያ ይዘው ወረዱ። በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ በዚያ አገር እሳት ለማጥፋትም ቢሆን በጫማ ቤት አይገባም። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ሰውየውን ጨዋ ብለው ለኅዳር ሃያ አንድ ጠሯቸው። ጠላውን የልብስ ማጠቢያው አጠገብ ጠነሰሱት። መነቅነቅ አይወድም ብለውም እስኪደርስ ድረስ ልብስ ማጠብ ከለከሉ። ሕፃኗ በዚያው ሳምንት ተወልዳ ነበር።

በዕለቱ ሂዊ፣ ባሏ ፈቃዱና ኦድቫር ተቀመጡ። ዳቦው በኮባ ፋንታ በጥቅል ጎመን ቅጠል ተጋግሯል። ቄስ አካለ ወልድ ከይጁቤ በስልክ ጸሎት አደረሱ፤ መሀል ላይ መስመሩ ተቋርጦ አሜን ላይ ተመለሰ። በመጨረሻ ሁሉም ከጽዋው አንዳንድ ጉንጭ ሲቀምስ ለኦድቫርም ተዘረጋላቸው። ኦድቫር ብድግ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ አመሰገኑ፣ ክዳኑን ገጠሙና ይዘውት ወደ ፎቅ ወጡ። ስጦታ መስሏቸው ነበር።

«ሄጄ ላምጣው፣ እማዬ» አለች ሂዊ።

«ተቀምጠሽ አጥቢ። የተረከበ ሰው ጽዋ አይቀማም።»

ወደ አቶ ገዳሙ ተደወለ።

«ቆሞ ነው የተቀበለ?»

«ቆሞ።»

«በሁለት እጁ?»

«በሁለት እጁ።»

«ጫማስ?»

«አውልቋል።»

«አለሚቱ እንኳ አታወልቅም» አሉ አቶ ገዳሙ። «ክርስቲያን ነው?»

«ነኝ ይላል። ሉተራን ነው።»

አቶ ገዳሙ ከቄስ አካለ ወልድ ጋር ሲንሾካሾኩ ተሰማ። «ቁርባን አይደለ፣ ዳቦና ጠላ ነው ብለዋል። ተረክቧል፤ ታኅሣሥን ይደግስ። የጾሙን ነገር ግን ንገሪው።»

ሂዊ እያፈረች አስረዳቻቸው። ኦድቫር አልሳቁም፤ ቀኑን ግድግዳቸው ላይ ባለው ካላንደር ላይ በቀለም ከበቡት። ዓሣ ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቁ፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አይቻልም አሉ።

ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ እንቅልፍ አጡ። ሰውየው አርጅተዋል፣ ደረጃው በረዶ ነው፣ ጽዋው እሳቸው ጋ ነው። ጠዋት ጠዋት የኦድቫርን ደረጃ ይጠርጉና አሸዋ ይበትኑ ጀመር። ኦድቫር ይህንንም ደግነት ነው ብለው ለልጆቻቸው አወሩ።

ታኅሣሥ ሃያ አንድ ቀን ኦድቫር ቅቤ የሌለው ቂጣ፣ ካሮትና ቅቅል ድንች አቀረቡ። አባታችን ሆይን በቋንቋቸው ሲደግሙ አቶ ገዳሙ በስልክ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። «ርዝመቱ ልክ ነው» አሉ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቆመው፣ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ለአንድ ወር ያህል የያዙትን ትንፋሽ የለቀቁት ያኔ ነው።

ኦድቫር በሂዊ በኩል አንድ ጥያቄ ጠየቁ፤ «የሚቀጥለው ተራዬ መቼ ነው?»

ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ወደ ይጁቤ ተመለሱ፤ ጽዋውም ከአስተርዮ አሥር ቀን አስቀድሞ ወይዘሮ አለሚቱ እጅ ገባ። አገላብጠው ስንጥቅ ፈለጉ፤ አላገኙም። በዚያው በዓል አቶ ገዳሙ የኦድቫርን ስም አሥራ ሦስተኛ አድርገው ጻፉ።

«ተራው ሲደርስ ማን ሊደግስለት ነው?» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

«ያስገባችው ናታ» አሉ አቶ ገዳሙ።

ተራው ዘንድሮ በጥር ደረሰ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ በታኅሣሥ የራሳቸውን ደግሰው ገና ዕቃ አጥበው ሳይጨርሱ የኦድቫርን ደገሱ። ለማኅበርተኛው ከዳቦው ጋር ቅቅል ድንች ቀረበ።

«ጾም የለ፤ ምን ሆነሽ ነው ድንች?» አሉ ወይዘሮ አለሚቱ።

«ባለተራው እሱ ነው። ወጉ ይኸ ነው።»

«ጨውም የለውም እኮ።»

«እሱም የሱ ነው።»

ስልኩ መሶቡን ተደግፎ ቆሟል። በስልኩ ውስጥ ኦድቫር ከረባት አስረው፣ ድንቻቸውን ልጠው፣ በይጁቤ ሰዓት ገበታ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያበቃ ወይዘሮ አለሚቱ ጽዋውን ለመረከብ ተነሡ። አቶ ገዳሙ እግር እግራቸውን ተመለከቱ። ኦድቫርም ከወዲያ ይመለከታሉ።

ወይዘሮ አለሚቱ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።