የአያ አላምረው ወረቀት

ባለፈው ሳምንት ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ገባሁ። «ፊቱ ወደ ታች መሆኑን አየሽ?» ብዬ ልጅቷን ሦስት ጊዜ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። አልፈረድኩባትም፤ እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ስቄያለሁ።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እዚሁ ከተማ አንድ ባንክ ውስጥ ተቀጥሬ ፋክሷን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ፋክሷ ለባንኩ ሥራ ብቻ ናት፤ ግን የአገር ሰው ሲለምን እንዴት እምቢ ይባላል? ሥራ አስኪያጁ ምሳ ሲወጣ ላክ አደርግ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ምርቃቱም ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ የመስከረም ረቡዕ አያ አላምረው ከጋፋት በኩል መጡ። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል፤ የልጃቸውን የእናኑን የፈተና ውጤት በፌስታል ጠቅልለው በብብታቸው ይዘዋል። እናኑ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሆና ለነርስነት ትምህርት ተመርጣለች። የውጤቷ ቅጂ እስከ ዓርብ ማታ ካልደረሰ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። አባቷ ለነገው አውቶብስ ሾፌር አደራ ሊሰጡ አስበዋል፤ አውቶብሱ ማርቆስ አድሮ ዓርብ ከሰዓት ይገባል።

«ሾፌር ምን ያስለምንዎታል? እኔ አሁኑኑ አደርስልዎታለሁ» አልኳቸው። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባል የለ?

ፋክሷ ወረቀቱን እየጮኸች ዋጠችና በታች በኩል ተፋችው። አያ አላምረው ጎንበስ ብለው አነሱት።

«ልጄ፣ ይኸው እኮ! አልሄደም!»

ባልደረቦቼ ሳቁ፤ እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ። «የሚሄደው ጽሑፉ ነው እንጂ ወረቀቱ አይደለም» ብዬ፣ መላኩን የሚገልጸውን ቁራጭ ወረቀት አሳየኋቸው። እሳቸውም አፈር ብለው ሳቁ። ለሾፌሩ ሳይሰጡ ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ያን ዕለት ከሰዓት ዝናቡ የስልክ እንጨት ጣለ። መስመሩ የተመለሰው ቅዳሜ ጧት ነው። አዲስ አበባ ፋክስ የምትቀበልልኝ ጓደኛዬ ደወለች።

«ምነው ነጭ ወረቀት ላክሽ? ልጅቷ ትናንት እዚህ ስታለቅስ ዋለች።»

ገልብጬ አስገብቼው ኖሯል፤ ማሽኗ ያነበበችው ባዶውን ጀርባ ነበር። አያ አላምረው ልክ ነበሩ።

ስልኩን እንደዘጋሁ፣ የገበያ ቀን ነውና፣ አንድ ቅል ማር ይዘው መስኮቴ ላይ ቆሙ። «ክፉ አይንካሽ፣ ልጄን ሰው አደረግሽልኝ» አሉ። ማሩን ተቀበልኩ፤ በላሁትም። በኋላ ቦታው ለሌላ መሰጠቱን ሰምተው ሲመጡ፣ «አዲስ አበባ ያሉት ናቸው የጣሉት» አልኳቸው። አመኑኝ።

እናኑ ባዶ እጇን ወደ አገሯ መመለስ አፍራ፣ በዓመቱ ለቤት ሠራተኝነት ቤሩት ሄደች። ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ።

አያ አላምረው ገበያ በወጡ ቁጥር ብቅ ይሉ ነበር። ከፖስታ ቤቱም ከስልክ ቤቱም ይልቅ የሚያምኑት የእኔን ማሽን ነው።

«ልጄ፣ በዚያች በኩል ከእናኑ የመጣ ነገር አለ?»

«የለም፣ አያ።»

«ደኅና። ሲመጣ አደራሽን።»

ስድስት ዓመት እንዲህ ጠየቁኝ። አንድ ቅዳሜ ቀሩ፤ መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ወረቀት መገልበጤን ለራሴ ይቅር ካልኩ ቆይቻለሁ፤ ሰው ይሳሳታል። የማይለቀኝ ያ ሁሉ ቅዳሜ ነው፤ በአንዱ እንኳ እውነቱን ልነግራቸው እችል ነበር። ዛሬ እኔም ሸብቻለሁ። ገበያ መሐል ከኋላዬ «ልጄ» የሚል የሽማግሌ ድምፅ ስሰማ ግን፣ አሁንም ዘወር ብዬ ለማየት እፈራለሁ።